መጥበሻውን በሳሙና ያጠበው ሰው

ጋሽ ቁልፍ ከሥራ ሲመለሱ «እንደምን ዋልክ» የሚላቸው ሰው ቤት ውስጥ ስለሌለ፣ መጀመሪያ የሚያዩት መጥበሻቸውን ነው። ጥቁር የብረት መጥበሻ ነው፤ እጀታው ሳይቀር ብረት፣ በአንድ እጅ ለማንሳት ክንድ የሚጠይቅ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «በዚህ ከምትጠብስበት ሌባ ብታባርርበት ይሻላል» ይሉ ነበር። ሌባም አልመጣ፣ መጥበሻውም ከምድጃው አልወረደ።

ትክክለኛ ስማቸውን ሰፈሩ ረስቶታል። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ኪዮስክ ቁልፍ ሲቀርፁ ስለኖሩ ጋሽ ቁልፍ ሆነው ቀርተዋል። እንጀራቸው ቁልፍ ይሁን እንጂ ፍቅራቸው ከመጥበሻው ጋር ነው። ስለ መጥበሻ ያነሳባቸው ሰው ቶሎ አይለቀቅም፤ ቁልፍ ሊያስቀርፅ ቆሞ አውቶቡስ ያመለጠው ብዙ ነው።

«ድንች ከሆነ» ይሉታል፣ «ስስ አድርገህ ቁረጠው፣ ውሃውን በጨርቅ አድርቅለት፣ ዘይቱ ሲግል ልቀቀው። ከዚያ በኋላ አትንካው! ሰውን የሚያጠፋው መነካካት ነው። ተወው፤ ሲቀላ ራሱ ይለቅሃል።»

ከድንቹ ቀጥሎ የሚወዱት የዶሮ ታፋ ነው፤ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ፣ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት፣ እንደ ብስኩት እስኪንኮሻኮሽ። ዓሣ የሚጠበሰው እንግዳ ሲኖር ነው። እንቁላል በቲማቲም ደግሞ የስንፍና ቀን ምግብ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቶሎ ቶሎ አድርገው ያወጡታል፣ ኮምጣጣ ነገር ሲቆይ ብረቱን ይበላዋል እያሉ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ሕግ አለ። ያ መጥበሻ ሳሙና አይነካውም። ሙቅ ውሃና ብሩሽ፣ ከዚያ እሳት ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት በነካ ጨርቅ ወልወል ማድረግ፣ አለቀ። ዘይትና እሳት በስንት ዓመት የሠሩት ጥቁር ልባስ አለው፤ እንቁላሉ የሚንሸራተተው በዚያ ላይ ነው። ሳሙናና ሽቦ ያንን ከገፈፉት መጥበሻው ራቁቱን ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጋሽ ቁልፍ ድንቻቸውን ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ዘይቱ ሲግል ለቀቁት። አልነኩትም። ቀልቷል ብለው መገልበጫውን ቢሰዱ ድንቹ ንቅንቅ አልል አለ። ሲታገሉት ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ እንደ ቀለም ተጣብቆ ቀረ። መጥበሻውን አብርደው ወደ መብራቱ ቢያስጠጉት መሐሉ እንደተላጨ ራስ ያብለጨልጫል። ጠርዙን ቢያሸቱት ሎሚ ሎሚ የሚል የዕቃ ሳሙና ሸተታቸው።

«ማነው?» አሉ ባዶውን ቤት።

በሩ ተቆልፎ ነበር። መቆለፊያውን ደግሞ የገጠሙት ራሳቸው ናቸው፤ በሰፈሩ ውስጥ እንደሱ ያለ የለም ብለው የሚምሉበት። መስኮቱም ዝግ ነው። አንድም የጠፋ ዕቃ የለም። ደግሞስ የትኛው ሌባ ነው ገብቶ ዕቃ አጥቦ የሚወጣ? ነገሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ቢያዩት፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ራሳቸው ናቸው።

ይሄኔ የምድጃው ነገር ትዝ አላቸው። በቅርቡ ምድጃውን ሳያጠፉ ወደ ሥራ ሄደው፣ ልጃቸው ልትጠይቃቸው ብትመጣ እሳቱ ባዶ ቤት ውስጥ ሲነድ ደርሳለች። ልጅቷ ነርስ ናት፤ በሽተኛ ታስታምማለች እንጂ ነገር አታስታምም።

«አባዬ፣» አለቻቸው ያን ቀን፣ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ቤቱም ይዘጋል፣ ኪዮስኩም ይዘጋል። እኛ ጋ ትገባለህ፣ አለቀ።»

እኛ ጋ ማለት ሰው የሚከበርበት ቤት ነው፣ ክፉ አይወጣቸውም። ግን የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ፊቱ መስታወት ስለሆነ ልጃቸው ያን ከባድ ብረት በአጠገቡ አታሳልፈውም። ጋሽ ቁልፍ ደግሞ ቁልፍ ሳይቀርፁና ድንች ሳይጠብሱ የሚውሉበትን ቀን ሲያስቡት፣ ያው ከመቃብር የሚለየው ሶፋ ስላለው ብቻ መሰላቸው።

ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። መጥበሻውን ዘይት እየቀቡ፣ እያጋሉ፣ እንደገና እየቀቡ ትንሽ መልክ ሰጡት። በማግስቱ ከሥራ ሲመለሱ ያው ሳሙና። በዚያ ላይ ደግሞ ቀረፋ ሸተተ! እጀታው ሥር ቢያዩ የደረቀ ስኳርና የፖም ልጣጭ ተለጥፏል። ጋሽ ቁልፍ ጣፋጭ ነገር በአፋቸው አይዞርም። ለራሳቸው ሻይ ሲያፈሉ ደግሞ ከስኳር ዕቃው የጨለፉት ጨው ሆኖ ተገኘ።

ግራ ቢገባቸው ወደ ታችኛዋ ጎረቤት ወረዱ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል ሰው የምታዋራ።

«ስሚኝ እስቲ። እኔ ፖም የምጠብስ ሰው እመስላለሁ?»

«ኧረ ጋሼ! ምን ነካዎት?» መኪናዋን አቆመች። «አሁን ሲሉ ትዝ አለኝ፤ ምሳ ቤትዎ መብላት ጀመሩ እንዴ? ቀን ቀን የሚጣፍጥ ነገር ይሸተኛል። ሥራዬን ሊያስጥለኝ ነው እኮ።»

«ስመጣ አይተሽኛል?»

«ማየቱንስ አላየሁም። ኮቴ ሰማሁ፣ እርስዎ ነዎት ብዬ ዝም። ሌላ ማን ይሆናል?»

«ሌላ ማን ይሆናል» አሉ ጋሽ ቁልፍም፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ቤቴ ሰው ይገባል» ይል ነበር። ጋሽ ቁልፍ ግን በመቆለፊያቸው ከሚጠራጠሩ በጭንቅላታቸው መጠራጠርን መረጡ። ያ መቆለፊያ አይከፈትም፤ ስለዚህ እኔው ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ኪዮስኩን ትቼ እመጣለሁ፣ የማልወደውን ፖም እጠብሳለሁ፣ መጥበሻዬን በሳሙና አጥባለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም ረስቼ እመለሳለሁ። እንዲህ ብለው ሲያስቡት ራሳቸውን ፈሩት። መስታወት ፊት ሲያልፉ እንኳ ያን ፖም ጠባሽ ሰውዬ በጎን ያዩት ጀመር።

በማግስቱ ከኪዮስኳቸው ጎን የሚቀመጠውን ጫማ ሰፊ ጠሩት።

«አንተ፣ ዛሬ ከዚህ ቦታ ብነሳ አደራህን ንገር።»

«ለማን ልንገር?»

«ለኔ ነዋ!»

ጫማ ሰፊው መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አያቸው። «ጋሼ፣ ሲነሱ እርስዎስ አብረው አይነሱም?»

«የተባልከውን አድርግ!»

ሰውየው የታዘዘውን አደረገ፤ ጋሽ ቁልፍ ለመንጠራራት ብድግ ባሉ ቁጥር «ተነሱ!» እያለ እየጮኸ ደንበኛ አሳቀባቸው። ምሳቸውን ዳቦ በእንቁላል እዚያው በሉ፤ ማታ ሲዘጉ ጫማ ሰፊው «ከዚህ ንቅንቅ አላሉም፣ እምላለሁ» አለ። ቤታቸው ሲገቡ ግን መጥበሻው እርጥብ ነበር። ሎሚ ሎሚ ይላል።

እንግዲህ ወይ ጫማ ሰፊው ዋሽቷል፣ ወይ መቆለፊያው ዋሽቷል። ጋሽ ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መቆለፊያውን በክፉ ዓይን አዩት።

በሚቀጥለው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኪዮስኩን ዘግተው ወደ ቤት ወጡ። ደረጃውን በእግር ጣታቸው ነው የወጡት፤ በራሳቸው ቤት ላይ ሌባ መሆን ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቁት። ቀስ ብለው ከፈቱ። ቀረፋው ተቀበላቸው። ምድጃው ፊት አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ የሟች ሚስታቸውን ባለ አበባ ሽርጥ ታጥቋል፣ ከረባቱን እንዳይነካበት ትከሻው ላይ ጥሎታል፣ በመጥበሻው ፖም እያገላበጠ ያፏጫል።

ጋሽ ቁልፍ በመጀመሪያ የተሰማቸው፣ ብነግራችሁ ይገርማችኋል፣ ደስታ ነበር። ያ ሰውዬ እሳቸው አልነበሩም!

«አንተ ሌባ!» አሉ በደስታ።

ሰውየው ዞረ። አማቻቸው ነው። የልጃቸው ባል፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ጫማው ላይ አቧራ የማያሳድር ጨዋ ልጅ። መገልበጫው ከእጁ ወደቀ።

«አባባ! እኔ… ምሳ ልጋብዝዎት?»

«በገዛ ቤቴ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሱ ቆሞ፣ ሽርጡን እየጠመዘዘ ነገራቸው። ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተ ቆይቷል። ለሚስቱ ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ እሷ ከሌሊት ተራዋ ደክማ ትመለሳለች፤ «ነገ» ይላል። ነገም ነገ አለው። ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። መናፈሻ ተቀምጦ ሰነበተ፤ ዝናብ ሲመጣ መግቢያ አጣ።

«ቁልፉንስ?»

«እርስዎ የቀረፁልን ነው፤ ለድንገተኛ ነገር ያሉት። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።» አንገቱን ደፋ። «ይኼም ድንገተኛ ነው ብዬ ነው።»

ጋሽ ቁልፍ ያን ቁልፍ መቅረፃቸውን አሁን ገና አስታወሱ። በመቆለፊያቸው ሲኮሩ፣ ቁልፉን ለሰው መስጠታቸውን ዘንግተውት ኖሯል።

«እሺ፣ መጥበሻዬስ ምን አድርጎህ ነው?»

«ምን አደረግኩት? ሁልጊዜ አጥቤ ነው እኮ የምሄደው! በሰው ቤት በልቼ ዕቃ ሳላጥብ መሄድ አልችልም። በሽቦ ፈግፍጌ፣ በሳሙና ሁለቴ…»

«ተው! አትጨርሰው!»

ተናደው ሊጮኹበት ነበር፤ አልሆነላቸውም። ልጁ የጠበሰው ፖም ሸተተ፣ ልጁ ከስቷል፣ እሳቸው ደግሞ ጤነኛ ናቸው። ከሦስቱ የቱን እንደሚያስቀድሙ ጠፋቸው።

«ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የጨመርከውስ ለምንድን ነው?»

«እሱን እኔ አይደለሁም አባባ። እንዲያውም የመጀመሪያውን ፖሜን አበላሽቶብኛል።»

ያቺ ጨው ማረፊያ አጣች።

«ለእሷ አይንገሯት» አለ አማቻቸው። «እኔው እነግራታለሁ። ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

ጋሽ ቁልፍ እሺ አሉ። እሺ ያሉት ግን እሁድን ሳያስቡ ነው።

እሁድ ልጃቸው መጣች፤ ባሏን አስከትላ፣ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች። ገና ደረጃው ላይ ልብስ ሰፊዋ አግኝታት ኖሯል። ክፋት የላትም ሴትዮዋ፣ አፏ ላይ ግን አዝራር አልተተከለላትም።

«አባዬ፣ ለጎረቤት 'እኔ ፖም የምጠብስ ሰው እመስላለሁ ወይ' ብለህ ነበር?»

«ለጨዋታ ነው።»

«ቀን ቀን እየመጣህ ታበስላለህ አሉ። ኪዮስኩንስ?»

ጋሽ ቁልፍ አማቻቸውን አዩት። አማቻቸው የጫማውን ጫፍ ያያል። አንዲት ቃል ብትወጣቸው ቤታቸው ቤታቸው፣ ኪዮስካቸው ኪዮስካቸው ይሆናል። ያቺ ቃል ግን የልጁን ትዳር ይዛ ትወጣለች። የትኛው ቃል የማንን በር እንደሚከፍት ዕድሜ ልካቸውን በሮች ሲከፍቱ የኖሩት ሰው አላወቁትም።

«ምሳ እንብላ መጀመሪያ» አሉና ወደ ምድጃው ዞሩ። ድንቹን ለቀቁት። አልነኩትም። ተጣበቀ።

ልጃቸው ተነስታ በትከሻቸው ላይ አጮለቀች። በዚያ መጥበሻ በልታ ያደገች ናት፤ ሕጉን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። ያንን የተላጨ ራስ ስታይ ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

«አባዬ። ይኼን በሳሙና አጥበኸዋል?»

መገልበጫውን ከድንቹ ሥር ሊሰዱ ታገሉ።

«አንተ? በሳሙና?» ምድጃው ሲነድ ያገኘች ዕለት አላለቀሰችም፤ አሁን እንባዋ ሞላ። «እማዬ እንኳ እንዲህ እንድታደርግ ያልፈቀድክላትን? እንግዲህ ልብስህን ልክተት፤ ሌላ ምንም አትበለኝ።» ሻንጣውን አጋድማ ዚፑን ሳበችው።

ጋሽ ቁልፍ መገልበጫውን እንደያዙ ቆሙ። ለማን ብለው እንደሚዋሹ፣ ለማን ብለው እውነት እንደሚናገሩ ተምታታባቸው። «እኔ እንጃ፣ ልጄ» ነው የወጣቸው። እውነታቸውን ነበር።

«እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ዞሩ። አማቻቸው ተነስቶ ቆሟል።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ። ፖሙም የእኔ ነው። አባባ ምንም አልሆኑም።»

«መቼ?» አለች ሚስቱ።

«ማክሰኞ። ረቡዕም። ሐሙስም።»

«ማክሰኞ ቢሮ አይደለህ እንዴ?»

«ቢሮ የለኝም። ካጣሁት ቆየሁ።»

አንዴ ባሏን፣ አንዴ አባቷን አየች። የተከፈተው ሻንጣ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሻንጣው ሸሸት ሲልባት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እና በየቀኑ ከረባት አስረህ የምትወጣው…»

«እዚህ ነው።»

«አባዬ፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

«ካወቅሁ ሦስት ቀኔ ነው። ከዚያ በፊት አብጃለሁ ብዬ ነበር።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ቁልፍ ትስቅ ይሁን ታለቅስ ሊለዩት አልቻሉም፤ ባሏም አልለየው መሰለኝ እጁን ወደ ትከሻዋ ልኮ መሐል ላይ አቆመው። በመጨረሻ ፊቷን ሳትገልጥ እግሯን ዘርግታ ሻንጣውን ገፋችው፤ እየተንሸራተተ ሄዶ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የጨመረው ግን ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም» አሉ ጋሽ ቁልፍ፣ ነገር እንዳይደብቋት።

«አባዬ፣ እባክህ ዝም በል!» አለች፤ ቀጥላ «ና ተቀመጥ አንተም» አለችው ባሏን፣ ከአጠገቧ ወለሉን እየደበደበች።

ሁለቱ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሹክሹክታ ጀመሩ። ጋሽ ቁልፍ ይስሙ ወይስ አይስሙ ግራ ስለገባቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የተጣበቀውን ድንች እየፋቁ ለሦስት ሳህን ማካፈል ያዙ።