የጉድጓዱ አራት ሰከንድ

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ረድፍ ነው። መጀመሪያ አንዱ አፉን በእጁ አፍኖ ሳል ሊያስመስለው ሞከረ፤ አጠገቡ ያለው ተከተለው፤ ወዲያው ግማሽ አዳራሽ ሳቀ። በዚያች ደቂቃ ስክሪኑ ላይ የሚታየው፣ የአንድ መንደር ሰው ተጨፍጭፎ የተጣለበት ጉድጓድ ነበር።

ቪዲዮ አንሺው ግድግዳ ተደግፎ፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ፊቱን ለተመልካቹ ሰጥቶ ቆሟል። ፊልሙን የጻፈውም የቀረጸውም ኤዲት ያደረገውም እሱ ስለሆነ፣ ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም። ጸጉር አስተካካዩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ምላጭ” እያለ የሚጠራው ጎረቤቱ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ቆንጨራ ይዞ በር ሲሰብር የነበረው ገዳይ፣ አሁን ከሟቾቹ መሐል ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል። ሌላው ቢቀር ያ የፈረደበት አፍንጫው የትም ቢሆን ይለያል።

ምን ያድርግ? ሰው አልነበረውም። ሰርግና ምርቃት በሚያነሳበት ካሜራ፣ በእረፍት ቀን ብቻ እየተቀረጸ ሁለት ዓመት የፈጀ ፊልም ነው። ሃያ ሰባት ጎረቤቶቹ በነጻ ሊሠሩለት መጡና ጠዋት ገዳይ፣ ከሰዓት ሟች ሆነው ዋሉ። ሸሚዝ አለዋወጣቸው፤ ፊታቸውን ጭቃ ቀባቸው። የምላጭን ጭቃ ግን ላብ አጥቦት ኖሮ ያን ዕለት በድካም ሳያየው ቀረ። ያየው ኤዲት ሲያደርግ ነው። ምላጭን ልቁረጥ ቢል ደግሞ አጠገቡ የተኛችው ሴት አብራ ልትቆረጥ ነው። ሴትዮዋ የገዛ እህቱ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ እናታቸውን ሆና የተኛችው እሷ ናት። እናታቸው የሞተችው እንደዚያ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የነበረችው እህቱ ቦርሳዋን አንስታ፣ የሰዎች ጉልበት እየነካች ወጣች።

ሊከተላት አሰበ፤ ግን ፊልሙ ሊያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከዚያ ደግሞ ውይይት አለ። ከኪሱ ደብተሩን አወጣ። ፊልሙ ዛሬን ጨምሮ አራት ጊዜ ሲታይ፣ አራቱንም ጊዜ እንዲህ ቆሞ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን ስልኩን እንደነካካ ሲጽፍ ነው የከረመው።

መብራት በራ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ማይክሮፎን ይዞ ወጣና “አስተያየት ያላችሁ” አለ። የተነሳው እጅ ብዛት!

“ገዳዮቹ ሲገቡ ሙሽራ የሚገባ ነው የመሰለኝ” አለ መነጽር ያደረገ ወጣት። “ካሜራው ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ… እልል በሉ እልል በሉ ይላል። ደሙም ደም አይመስልም፤ ቡናማ ነገር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ርዕሱ ከባድ ስለሆነ ብቻ ፊልም አይሆንም።”

ቪዲዮ አንሺው ጻፈ። ስለ ሙሽራው ልጁ እውነቱን ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት በር ላይ ሙሽራ ሲጠብቅ የኖረ እጅ ሌላ አነሳስ አላወቀበትም። ስለ ደሙ ግን ተሳስቷል። ቀለሙን የመረጠችው እህቱ ናት። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ዓመት አንሶላ ያጠበች ሴት፣ ደም ሲቆይ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች።

“አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ግድግዳው አልተቀባም ትላለህ?” አሉ በዕድሜ የገፉ እናት። “እኔ አልቅሼበታለሁ። ቤቴ ገብቼም አለቅሳለሁ።”

“ማልቀሱ ምን ይጠቅመናል እናቴ?” አለ ከረባት ያሰረ ሰው፣ ማይክሮፎኑን ሳይጠብቅ። “ቁስሉ ደርቆ ነበር። ልጆቻችን አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ለምን ይነካካል?”

“የደረቀው የአንተ ነዋ!” አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

“በእኛስ በኩል የሞተ የለም?” አሉ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ተነስተው። “የወንድሜ ሬሳ እስከዛሬ አልተገኘም። የእኛ የት አለ እዚህ ውስጥ?”

ከዚያ ወዲያ አንዱ ሌላውን የሚሰማ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ “አንድ በአንድ! አንድ በአንድ!” ሲል ድምፁ ዘጋ። ቪዲዮ አንሺው ሁሉንም ጻፈ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ያላቸው መሰለው፤ ያደከመውም ይኸው ነው። አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ሊያስከፋ፣ የሌላውን ሲጠግን የዚያኛውን ሊያፈርስ።

አዳራሹ ከተበተነ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስገባው።

“ነገ ዘጠኝ ሰዓት የየትምህርት ቤቱ መምህራን ይመጣሉ” አለው። “ከወደዱት ፊልምህ ተማሪ ሁሉ ያየዋል፤ ካልወደዱት እዚህ ያበቃል። እንግዲህ ሌላው ቢቀር ያቺን ጉድጓድ ቁረጣት። አራት ሰከንድ ናት እኮ!”

“እህቴ አለችባት።”

“እህትህን ሌላ ቦታ አስገባት።”

“ሌላ ቦታ የለችም።”

“ወንድሜ፣ እኔ ለአንተ ብዬ ነው። ሰው በሬሳ ላይ እየሳቀ ምን ሊማር ነው? እስከ ማታ አስብበትና እደውልልሃለሁ።”

ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ምላጭ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

“ጉድ ሠራሁህ አይደል?” አለ ምላጭ ብድግ ብሎ። “ይህን አፍንጫ ይዤ የት አባቴ ልግባ!”

“ተው እንጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አይቼ መቅባት ነበረብኝ።”

“ባለፈው ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ፤ የስንት ዓመት ደንበኛዬ ፊልሙን አይቶ መጣ። ጸጉሩን ጨርሼ ጺሙን ልላጨው ምላጭ ሳነሳ ብድግ አለ። ‘ለዛሬ ጸጉሩ ይበቃኛል’ አይለኝም?”

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ምላጭ መሬት መሬት እያየ፣ “ቁረጠኝ በቃ፤ አልቀየምህም” አለው።

እህቱ ቤት ሲደርስ መሽቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውልበት እግሯ አብጦ፣ ጨው የገባበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራዋለች። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ራት ልስጥህ?”

“አልራበኝም እትዬ። ስለሳቁት ሰዎች ይቅርታ።”

“ይሳቁ። ያ አፍንጫ ያስቃል እኮ፤ እኔም ልስቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ወጣሽ?”

ውኃውን በእጇ ጨልፋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አፈሰሰች።

“አንተን እያየሁ ነዋ። እናታችን እዚያ ተኝታለች፤ አንተ ጀርባህን ሰጥተሃት የሰው ፊት ትቆጥራለህ። ዛሬ አራተኛህ ነው። ከመንገደኛው ሁሉ አስተያየት ስትለቅም አንድ ቀን ‘እትዬ፣ አንቺስ?’ አልከኝ?”

“ላሻሽለው ብዬ ነው። ሰው እንዲቀበለው ብዬ…”

“አውቃለሁ። ለምን እዚያ ጉድጓድ የገባሁ ይመስልሃል?”

“ሌሎቹ ሴቶች መተኛት ፈርተው እምቢ ስላሉ።”

“አልፈሩም። ሁለቱ እሺ ብለው ነበር፤ እኔ ነኝ ተዉት ያልኳቸው።” እርጥብ እጇን በቀሚሷ አበሰች። “እማዬ ስትሞት አንተ የስድስት ወር ልጅ ሆነህ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የእማዬ አንድ ፎቶ እንኳን አልተረፈም። የሚያውቋት ሁሉ ቁርጥ እሷን ነሽ ይሉኛል። ዕድሜዬ ከእሷ ቢያልፍም ፊቱ ያው ነው። አንድ ጊዜ እንኳን እንድታያት ብዬ ነው የተኛሁት።”

እነዚያን አራት ሰከንዶች ኮምፒውተሩ ላይ መቶ ጊዜ ደጋግሞ አይቷቸዋል። ያየው ግን ብርሃኑን፣ ጭቃውንና የምላጭን አፍንጫ ነበር። አፈረ። ሊያለቅስ ፈልጎ ዕንባው አልመጣለትም፤ እንደዚያ ደክሞት ነበር።

“ምላጭም ቁረጠኝ ይላል” አለ በመጨረሻ።

“እሱንማ እንዳትነካብኝ! መሬቱ ሲበርደኝ ጊዜ ከሥር እጄን ይዞልኝ ነበር፤ ካሜራህ አያሳየውም እንጂ። ‘አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ያልቃል’ ይለኝ ነበር። እማዬን ማን እንዲህ አላት? እኔስ ሰው ነበረኝ።”

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

“እሺ፣ ቆረጥካት?”

“አልቆረጥኳትም። አልቆርጣትምም።”

“መምህራኑ ይስቃሉ እኮ!”

“ይስቁ። ከፊት ሦስት ወንበር ያዝልኝ።”

“ሦስት? ለማን ለማን?”

“ለእህቴ፣ ለምላጭና ለእኔ።”

“አንተ ወንበር ምን ያደርግልሃል? ግድግዳው ጋ ቆመህ አይደል የምትከታተለው? አስተያየቱንስ ማን ሊጽፍ ነው?”

እህቱ እግሯን ከውኃው አውጥታ ፎጣ ትፈልጋለች። ጎንበስ ብሎ አቀበላት።

“የፈለገ ይጻፈው” አለ። “እኔ ፊልሙን ገና አላየሁትም።”