ዴል ታልማጅ ለኮይ የዘፈነ ቀን

ዴል ታልማጅ የሞተው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ለመቅበር እንኳ አስቸግሯል አሉ።

ሐምሌ ላይ አድናቂዎቹ እኛ ከተማ፣ ፈረስና ኮርማ ግልቢያ የሚወዳደሩበት ሮዲዮ ሜዳ ተሰበሰቡ። ዴል ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ያልተገራ ፈረስ ላይ ሲወዳደር ወድቆ ትከሻው የተሰበረው እዚህ ስለሆነ፣ ከተማው የኛ ነው ይላል። ኮርቻ ብቻ የተጫነ፣ ጋላቢ የሌለው ፈረስ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ባርኔጣ ሁሉ ወረደ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። አንዷ በሠርጌ ዘፈነልኝ አለች። አንዱ መንገድ ላይ ጎማ ቀየረልኝ አለ። እነሱ እንደሚያወሩት ከሆነ ዴል ሦስት መቶ ዓመት ሳይኖር አልቀረም።

እኔ ዓይኔ ወንድሜ ላይ ነበር። ኮይን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ሜዳ ኮርማ ጥሎት ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ያን ቀን ዴል ሊዘፍን መጥቶ አወዳደቁን አየ። «ነገ ሆስፒታል ሄጄ እዘፍንለታለሁ!» ብሎ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አልመጣም። በማግስቱ ኔብራስካ፣ ሌላ ሮዲዮ ላይ ነበር።

የዘፈነው አባታችን ቨርን ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አፉን ከፍቶ የማይዘምር ሰው፣ ራሱን የሳተ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ የዴልን ዘፈኖች አንድ በአንድ ሲያበላሽ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ኮይ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ዴል ነው የዘፈነው?» ብሎ ነው። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ፣ «አዎ፣ መጥቶ ነበር» አለ።

ኮይ በዚያች ውሸት ኖረ። በዚያ ዓመት ጠመንጃዎቹን ሁሉ ከቤት አውጥተን ጎረቤት ጋ አስቀምጠናል፤ ራሱን እንዳያጠፋ ያተረፈችው ያቺ ውሸት ናት ብዬ አምን ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ሊሞት ሲል፣ «ዴሉን እንዳትወስጂበት» ነው ያለኝ።

አሁን ማይክሮፎኑን የሚያዞረው ሌን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከዴል ጋር ቫዮሊን የተጫወተ ሽማግሌ። ዴል ሆስፒታል እመጣለሁ ባለበት ቀን የት እንደነበሩ ያውቃል። ኮይ እጁን ሲያነሳ የተሽከርካሪ ወንበሩን እጀታ ጨበጥኩ።

«ተው፣ እንሂድ። ፀሐዩ ሊያቃጥልህ ነው» አልኩት።

«ዊልማ፣ ዞር በይልኝ እስቲ። ሞግዚት ቀጥሬያለሁ እንዴ?»

«እማዬ ደክሟታል።»

«እማዬ ሁለተኛ ቢራዋን እየጠጣች ነው።»

ሌን ጎንበስ ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጠው። «አንተ የቨርን ልጅ አይደለህም? በል ንገረን!»

ወሬውን የማያውቅ የለም፤ ሰዉ ገና ሳይጀምር ፈገግ አለ።

«ዴል ሆስፒታል አልመጣም» አለ ኮይ።

ሌን መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«የዘፈነው አባቴ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሁሌ ይሳሳታል። የፈረስ ቅባት ይሸት ነበር። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ግን ዴል እንዲሆን ፈለግኩ። ከተማው ሁሉ እየመጣ ‹እውነት ዴል መጣ?› ይለኛል፤ ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ አባቴ ፊት አወራሁት! ‹አባባ፣ ድምፁ እንዴት ነበር?› እለዋለሁ። ‹ግሩም ነበር› ይለኛል።»

ማይክሮፎኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰካራም፣ «ስለ ዴል አውራ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ የሳቁለትም ነበሩ። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወንበሩን እየገፋሁ ወደ መኪናው ወሰድኩት። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት እንቁላል እንደተሸከመ ሰው በዙሪያው በጥንቃቄ ስንራመድ፣ እሱ ያውቅ ኖሯል። ደግሞ አሳዘነኝ። ሁለቱም በአንዴ ያዙኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ እጄን ያዘኝ።

«አባባ እንደማውቅ ያውቅ ነበር?»

በሌላው እጄ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

«ያውቅ ነበር በይኝ፣ ዊልማ። ባያውቅም በይኝ።»

አንዲት ቃል ናት፤ እኛ ቤት ደግሞ መዋሸት ለማንም አያቅትም። ግን አባቴ፣ ልጄ አምኖኛል ብሎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ግሩም ነበር» ሲል ታየኝ።

«አያውቅም ነበር» አልኩት።