መኝታ ቤት የገባው ሲኤንሲ

የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ኑሪ፣ አብነት አጠገብ ያለው ጎረቤቴ፣ አንድ እሑድ ሙሉ ቀን በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ዋለና ሰኞ መሐንዲስ ሆኖ ተነሣ። "ሲኤንሲ እሠራለሁ" አለ። ሲኤንሲ ማለት ኮምፒውተር እያዘዘው እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። ሃያ ዓመት ማንም ሳያዘኝ በመሮ መቅረጼ ለካ ስህተት ኖሯል።

ዕቃውን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ከምናለሽ ተራ ለቀመ፤ ሞተሩን ከሞቱ ፕሪንተሮች፣ ሐዲዱን ከተጣለ የጠረጴዛ መሳቢያ፣ እግሩን ከተሰበረ የሆስፒታል አልጋ። አንዱን ብሎን ለሸጠለት ሰው መልሶ ሸጦ፣ በጭማሪ መልሶ ገዝቶታል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ግን ኑሪን የሚያውቅ ሁሉ አምኖኛል።

ወርክሾፑ መኝታ ቤቱ ሆነ። አልጋው ቆሞ ግድግዳ ተደገፈ፤ ሚስቱ ሀፍሷ ሳሎን ወለል ላይ ወረደች። ሁለት ወር ሰጋቱራ እየበላች ታገሠችው።

በመጨረሻ "ስማ ኑሪ" አለችው፣ "ዓርብ ይሄ ማሽንህ የሐጂ ሰዓድን ስም ካልጻፈ፣ ከዚህ ቤት በኪሎ ተመዝኖ ይወጣል። አልጋዬን እፈልጋለሁ።"

ሐጂ ሰዓድ አንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም ይሸጣሉ። ለአዲሱ ሱቃቸው ስማቸው የተቀረጸበት ጣውላ ያዘዙት ኑሪን ነው፤ እኔ ከነመሮዬ አጠገቡ ተቀምጬ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ኑሪ ላፕቶፑን ከፍቶ "ሰዓድ" ብሎ ጻፈ።

"በዓይኑ ዓ ነው በአልፋው?" አልኩት፣ ላናድደው።

"ማሽኑ ያውቃል። እንዳንተ ሰው አይጠይቅም።"

ማሽኑ ሲነሣ ምድር ተናወጠች። እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ጥርሱ የተነቃነቀበት ሁሉ ያለ ሐኪም ተነቀለለት። የኑሪ ጣሪያ ሁለቴ ወርዶ ሁለቴ ተመለሰ። ሰጋቱራው ሲረጋ ጣውላው ላይ ሦስት ባዶ ሳጥኖች ተሰልፈዋል። የመቅረጫው ፕሮግራም አማርኛ አያውቅም ኖሮ፣ ያላወቀውን ሁሉ በሳጥን ተክቶታል።

ሐጂ መነጽራቸውን አጠለቁ። "ልጄ ኑሪ፣ የማን ስም ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ ሐጂ።"

"እኔ መስኮት ነኝ?"

"ፊደል ያልቆጠረ ማሽን" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ኑሪ ደረቱን ነፋ። "ቆጥሯል እንጂ። ሰዓድ ስንት ፊደል ነው?"

"ሦስት" አሉ ሐጂ፣ ሳያስቡት።

"ሳጥኑስ?"

ቤቱ ሙሉ መቁጠር ጀመረ። እኔ ራሴ በጣቴ ስቆጥር ተያዝኩ።

ሀፍሷ በሩ ላይ ቆማለች። "ማሻ አላህ፣ መቁጠሩን ችሏል" አለች። "የቀረው ማንበብ ነው። እሱን ምናለሽ ተራ ሄዶ ይማር። በሉ፣ አንሡልኝ።"

ለአራት ተሸከምነው። ኑሪ ሞተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ "ወዴት ነው?" ላለው ሁሉ "ለሥልጠና" ይላል። ገና ከግቢው ሳንወጣ፣ ከኋላችን ሀፍሷ አልጋዋን ስትጎትት ይሰማ ነበር።