የፋሲካ ዋስ

እስቲ ልጅ ያላችሁ ፍረዱኝ፤ ሰው "ልጅሽን ላስተምር" ብሎ ደጃችሁ ድረስ ሲመጣ ደስ ይላል ወይስ ያስፈራል? ሐረገወይንን ሁለቱም ባንድ ላይ ያዟት።

የመስቀል ማግሥት ነው፣ ረቡዕ። ጎንደር፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወረድ ብላ ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ ሁለት እንግዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። አንደኛው አብዮት ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ከአንድ የግል ኮሌጅ የመጣ። ሁለተኛዋ ኤሌኒ ናት፣ ባሕር ዳር ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ። ሁለቱም የመጡት የሐረገወይንን ልጅ ፋሲካን ፈልገው ነው። አሥራ ሁለተኛን በሸጋ ውጤት ጨርሳለች፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ተከላካይ ሆና ከቆመች አጥቂ አያልፋትም።

አብዮት ኬክ ይዞ ነው የገባው።

"ምነው ልጄ፣ ረቡዕ አይደል እንዴ?" አሉ አያ ቢሻው። የሐረገወይን ታላቅ ወንድም ናቸው። የፋሲካ አባት ካረፉ ወዲህ የአባት ወንበር የሳቸው ነውና፣ ለመስቀል ከመካነ ብርሃን እንደመጡ ለዚህ ነገር ብለው ቀሩ።

"ክሬሙን ትተው ዳቦውን ይቅመሱ፣ አባባ" አለ አብዮት።

"ዳቦውም ቅቤና እንቁላል ነው" አለች ፋሲካ ሣቋን ይዛ። ኬኩ ተነሥቶ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

ከኬኩ ሌላ ካርቶን ነበር። ውስጡ አዲስ ቀይ ታኬታ። ፋሲካ ክዳኑን ስታነሣ ዓይኗ በራ፤ የራሷን ታኬታ ሊስትሮ እየሰፋ እየሰፋ፣ ቆዳው ይሁን ክሩ እንደሚበዛ አይለይም። እጇን ስትሰድ አያ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተይ፤ ጥሎሽ ነው። ነገሩ ሳያልቅ አይነካም።"

"ኧረ አያ! ጫማ እኮ ነው!"

"ጫማም ቢሆን።"

ሐረገወይን ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች። የአጥንት ክፍሉ አንሶላ በእጇ ያልፋል። እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ወጣቶች ያየች ቀን፣ ወደ ቤቷ የምትመለሰው እመቤቴን እየለመነች ነው። ልጇ ስትጫወት አጥሩ ሥር ትቆምና ሰው በወደቀ ቁጥር "እኔን!" ትላለች። የልጇ ቡድን ትሁን የተጋጣሚ፣ ለሷ ልዩነት የለውም። ደጋፊዎቹ "እማማ እኔን" ብለው ስም አውጥተውላታል። አንድ ጊዜማ ዳኛው ተንሸራቶ ሲዘረጋ "እኔን ልጄን!" ብላ ጮኸችና ሜዳው በሣቅ ተናጋ።

እንግዲህ ጭንቋ አንድ ነው። ልጅቷን የሚወስዷት ለእግሯ ብለው ነው። እግሯ የተጎዳ ቀንስ? ትምህርቷም አብሮ ሊሰበር ነው?

አብዮት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳያቸው። እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አረንጓዴ ሜዳ፣ የራሳቸው አውቶቡስ።

"እማማ፣ ልጅዎ በቴሌቪዥን ነው የምትታየው!"

"ይሁን። የምትማረውስ?"

"የፈለገችውን! ሲመቻት ክፍል ትገባለች፤ ካልተመቻት መምህራኑ ያግዟታል።"

ፋሲካ ቀና አለች። "እኔ የምፈልገው ሚድዋይፈሪ ነው። ምጥ እኔ እስኪመቸኝ ይጠብቃል?"

አያ ቢሻው ጋቢያቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

ኤሌኒ ጉልበቷ ላይ እጇን እንዳጣመረች ተናገረች። "የኛ ሜዳ ጠጠር ነው፤ አልዋሽም። ልምምድ ማለዳ ነው፣ ከዚያ ክፍል። ፈተና የወደቀች ልጅ አትሰለፍም። ክፍያውን ኮሌጁ ይችላል፤ ታኬታ ግን ከቤቷ ነው።"

"ይሄ ደግሞ ምኑ ያባብላል?" አለ አብዮት እየሣቀ።

"ላባብል አልመጣሁም።"

አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ሁለታችሁም ሸጋ ተናገራችሁ። በእኛ ገበያ ግን በሬ እንኳ ያለ ዋስ አይሸጥም። ዋስ ጥሩ።"

"አያ፣ እኔ በሬ ነኝ እንዴ?"

"ዝም በይ፤ አንቺማ ከበሬም ትበልጫለሽ።"

"ተመስገን ነው!"

"ውል አለ እኮ፣ አባባ" ብሎ አብዮት ወረቀት ከቦርሳው መዘዘ።

ይኸን ጊዜ ሐረገወይን ገባችበት። "ወንድሜ የሚሉት እንዲህ ነው። እናንተ ዘንድ ስትጫወት የተጎዳች ልጅ ጥሩልን። እሷ በአፏ ትንገረን።"

አብዮት ስም መጥራት ጀመረ። አንዷ ትልቅ ክለብ ገብታለች፣ አንዷ ውጭ አገር ሄዳ ተጫውታለች።

"የተጎዳችዋን ነው ያልኩህ፣ ልጄ።"

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አለው። "የ… የሄዱትን ልጆች ስልክ ቁጥር አልያዝኩም።"

ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም።

ኤሌኒ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ብርቄ ትባላለች። ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት።"

"አቤት አሠልጣኝ! ቶሎ በይ፣ ተረኛ ነኝ።"

"ዋስ ፈልጌ ነው። ጉልበትሽ የተጎዳ ጊዜ የሆነውን ንገሪያቸው። የበደልንሽም ካለ አትደብቂ።"

"ጉልበቴማ ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው የሄደው። ኳስ ያን ቀን አበቃ። ከትምህርቱ ግን ውጪ ያለኝ የለም። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ልጆቹ እየተፈራረቁ አዝለው ያወጡኝ ነበር። አንቺም አዝለሽኛል፤ 'ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው' እያልሽ ደረጃውን ሙሉ ስትሰድቢኝ!" ቤቱ ሣቀ። "በደል ካላችሁ ያ ጠጠር ነው። እስካሁን አላነሣችሁትም አይደል? በሉ፣ ምጥ ላይ ያለች እናት ትጠብቀኛለች።"

"ማርያም ትቅረባት" አለች ሐረገወይን፣ ለተዘጋው ስልክ።

"ይህ ዋስ ሸጋ ነው" አሉ አያ ቢሻው። "አለቀ።"

"አላለቀም" አለች ኤሌኒ። "እኔም ዋስ እፈልጋለሁ።"

"ምነው?"

"እሷን ስወስድ ሌላ ልጅ ትቼ ነው። ነገ ደግሞ አንድ ክለብ ቀይ ጫማ አንጠልጥሎ ይመጣል። ትምህርቷን ጥላ ላትሄድ ዋሷ ማነው?"

አያ ቢሻው ጢማቸውን ዳበሱ፤ መካነ ብርሃን ተቀምጠው ለባሕር ዳር ነገር እንዴት ዋስ ይሆናሉ? ሐረገወይን ልጇን አየቻት። ፋሲካ ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችና ተነሥታ አብዮት ጉልበት ላይ አኖረችው።

"ልኬ ነበር" አለችው። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ይቺ ልጅ ኳሱን እንድትተው ስንት ስለት የተሳለች እናት ናት ሐረገወይን። አሁን ግን ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

"እኔ ነኝ ዋሷ" አለች። "እኔ እናቷ።"

"ጥላ ከሄደች የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ታውቂያለሽ?" አሉ አያ ቢሻው።

"አውቃለሁ። ልጄንም አውቃታለሁ።"

ፋሲካ እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። የልምምድ ሰዓቷም ደርሷል፤ አሮጌ ታኬታዋን በክሩ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፈጥና ስትወጣ የበሩ ደፍ ላይ እንቅፋት መታት።

"እኔን!" አሉ እናቷና አሠልጣኟ እኩል።

እናንተዬ፣ ሐረገወይን አሁን እዚያ አጥር ሥር መቆሟ ቀርቶባታል፤ ባሕር ዳር ሩቅ ነው፣ አንሶላውም ይጠብቃታል። በዚያ በኩል ያላችሁ፣ ከአንድ ጠጠር ሜዳ ደርሳችሁ ሴት ልጆች ሲጫወቱ ካያችሁ፣ አንዷ ስትወድቅ የማን ቡድን ናት ሳትሉ፣ በእናቷ ፈንታ "እኔን" በሏት።