የመሸጫው ቁና

ነጋ ኃይለ ጊዮርጊስን ከመጀመሪያውም አይወደውም ነበር፤ ዛሬማ ዓይኑን ማየት አስጠልቶታል። ይህ እህል ነጋዴ የበቅሎ መንገድ ሰልችቶት ትንሽ አውሮፕላን ገዛ። አውሮፕላኗ አዘዞ ሜዳ ላይ ስታርፍ በሬ ገጭታ ክንፏ ተሰበረ፤ ነጋ ጠገነው። ነገ ኃይለ ጊዮርጊስ ሊሳፈርባት ነው፤ የሚያበራት ደግሞ የነጋ ታናሽ ወንድም ዳኛው ነው።

ነጋ ክንፉን ፈትኖ ካልፈረመ መብረር የለም። ክንፉ ተገልብጦ ታስሯል፤ በበረራ ጊዜ አየር ወደ ላይ የሚገፋውን ያህል አሸዋ ወደ ታች ሊጫነው። ነጋ ትናንት የነጋዴው መጋዘን ሄዶ፣ እዚያ ባገኘው ቁና የቀሐ ወንዝን አሸዋ ሰፍሮ መዘነና ሰማንያ ቁና ይበቃል አለ። ዛሬ ቁናውን ያመጣው የመጋዘኑ ሠራተኛ እንኳየሁ ነው።

ሰማንያው ተጫነ። ክንፉ ንቅንቅ አላለም።

«ፈርም» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

ነጋ ባዶውን ቁና አንሥቶ አገላበጠው። ከትናንቱ ያንሳል። የወንድሙን ፊት አየና ደሙ ፈላ።

«ይህ የመሸጫዎ ነው የመግዣዎ?»

አሸዋውን የጫኑት ተሸካሚዎች ዞረው አዩት።

«አንተ ቀጥቃጭ! ሌባ ልትለኝ ነው? ያለኝ ቁና አንድ ነው!»

እንኳየሁ አንገቱን ደፋ። ይህን ያመጣው ለምዶበት ነው፤ ከመጋዘን ለሚወጣ ነገር ሁሉ የሚያነሣው ትንሹን ቁና ነው።

«ሸጋ፤ አንድ ከሆነ እፈርማለሁ» አለ ነጋ። «ነገ ሰማይ ላይ ይለያል።» ብዕሩን ከፍቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። የሚፈርም አልነበረም፤ ዓይኑ ግን ኃይለ ጊዮርጊስ ላይ ነበር።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ኃይለ ጊዮርጊስ ብዕሩን አየ፣ ክንፉን አየ፣ ላብ አጠመቀው።

«ቆይ» አለ። «እንኳየሁ... ያንን ሌላውን አምጣው።»

በትልቁ ቁና እንደ አዲስ ተሰፈረ። ሰባ አንደኛው ላይ ክንፉ ጓ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዳኛው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የድብ ባሕሩ ገበሬ ውዱ፣ ትንሹን ቁና ትልቁ ውስጥ ከተተው። ቁናው ገብቶ ተቀመጠ።

«ጌታው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ኅዳር ላይ ያመጣሁትን ጤፍ በየትኛው ነበር የተቀበሉኝ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተሸካሚዎቹ ከረጢታቸውን እያወረዱ ከበቡት።