የድንቡሼ ፍሬን

ከፋለ ጡረታ ወጥቶ አረፈ የሚል ሰው ካለ ከፋለን አያውቀውም። ዕድሜ ልኩን ቱሪስት ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር መሪ ሳይጨብጥ ከዋለ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ደሴ አንድ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ያገኛትን ትንሽ ቀይ መኪና ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አሳፍሮ ላሊበላ ድረስ ያመጣት ለዚሁ ነው። ጣሊያን ሠራሽ ናት። ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። በጉብዝናዋ ለእሽቅድምድም የተሠራች መሆኗን አሁን የሚመሰክርላት ድምፅዋ ብቻ ነው። ሰፈርተኛው «ድንቡሼ» አላት፤ ስሙም ጸደቀላት።

ድንቡሼ በሽቅብ አትታማም። ጣጣዋ ቁልቁል ነው። ላሊበላ ደግሞ ጨው ለመግዛት እንኳ ወይ ይወጡታል ወይ ይወርዱታል። ከፋለ ፍሬኗን በጉልበቱ ደጋግሞ እየረገጠ ሲያቆማት፣ ሚስቱ ሰብሌ ታኮዋን ይዛ ዱብ ትልና ከጎማው ሥር ትሸጉጣለች። ታኮዋ የወይራ ጉማጅ ናት። «ከፋለ፣ ለረዳትህ ደመወዝ ጨምርላት እንጂ!» እያለ ጎረቤት ይስቅባቸዋል። እነሱም አብረው ይስቁ ነበር።

አምና አንድ ቀን ግን ሰብሌ ቤት ቀረችና ከፋለ ብቻውን ወረደ። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ አለው። ቢረግጠው እግሩ ወለሉን ነካ። ገደሉ በቀኙ ነበር፤ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ አንድ ገበሬ የከመረው ጭድ ውስጥ ተሰነቀረ። እሱ አንዳች አልሆነም። ወሬው ግን ቀድሞት ሰፈር ገብቶ ኖሮ፣ «ከፋለ ገደል ገባ» የተባለችው ሰብሌ ነጠላ ሳትደርብ አስፋልቱን ይዛ ስትሮጥ አገኛት። ከባጃጅ ሲወርድ ስታየው አልጮኸችም። ፀጉሩ ላይ የተሰካካውን ጭድ አንድ በአንድ ለቀመችለት።

በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን አባ ገብረ ዮሐንስን አስጠርታ አስገዘተችው። ጨርሶ አይንዳ ብታሰኝ አልጋ ላይ እንደሚወድቅባት ታውቃለች። ስለዚህ ግዝቱ እንዲህ ተባለ፦ ሰብሌ አጠገቡ ሳትቀመጥ ከፋለ የድንቡሼን መሪ እንዳይጨብጥ፣ በነአኩቶ ለአብ! ከፋለ እፎይ ብሎ መስቀል ሲሳለም፣ ሰብሌ ቀጠለች። «እኔ ደግሞ ፍሬን የሌላት መኪና ላይ አልወጣም።»

ያለ እሷ እንዳይነዳ ተገዘተ፤ እሷም አልወጣም አለች። እንዲህ አድርጎ ሰው ማሰር የምታውቅበት ሰብሌ ብቻ ናት።

«ምን በደልኩሽ?» አላት አባ ከሄዱ በኋላ።

«ሁለተኛ ቁጭ ብዬ ያንተን ወሬ አልጠብቅማ! የምትሞትም ከሆነ እኔ ባለሁበት ሙት።»

ቁጣ ይሁን ፍቅር ለመለየት ከፋለ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሁለቱም ነበር።

ድንቡሼ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ከረመች። ሰብሌ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በዚያው በአየር ማረፊያው መንገድ ወዳለው ገዳም ለነአኩቶ ለአብ ንግሥ በእግሯ ትወርዳለች፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት። ንግሡ ወር ሲቀረው «በባጃጅ እሄዳለሁ» አለችው። ሹፌር ባል እያላት በሰው ባጃጅ! በማግስቱ ማልዶ አብዱልጀባር ጋራዥ ሄደ።

አብዱልጀባር ከወልድያ መጥቶ ባጃጅ ሲፈታ ሲገጥም የሚውል፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

«አዲስ ፍሬን ከውጭ ባስመጣላትስ?» አለው ከፋለ።

«ጥንድ በሬ ሊያሸጥዎት ነው ጋሼ፤ እርስዎ ደግሞ በሬም የለዎት። አብሽሩ! ወልድያ ወንድሜ ግቢ የጡረታ ላዳ ቆማለች። ላዳ ማለት ከጣሊያን መኪና የተቀዳች ስለሆነች ለዚች ለጣሊያኗ የእህት ልጅ ናት። የፊት ፍሬኗን ነቅለን ለአክስቷ እንሰጣታለን።»

«የኋላውስ?»

«ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ለኋላው አዲስ የፍሬን ሸራ ይበቃዋል። ሁሉን እንለውጥ ብንል ለኪስዎ መርዶ ነው።»

የላዳዋ የፍሬን ዲስኮች በአውቶቡስ ጣሪያ መጡ፤ አብዱልጀባርም መፍቻውን ይዞ እነከፋለ ግቢ ድረስ መጣ። ዘመድ ናቸው ቢባልም መጀመሪያ አልተዋደዱም፤ ማያያዣ ብረት ቶርኖ ቤት ተቆርጦላቸው፣ ጠርዙ በሞረድ ተስሎ፣ ከስንት ልመና በኋላ ገጠሙ። የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹም በአዲስ ተተኩ። ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ለማስወጣት ግን አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን መርገጥ ነበረበት። ከፋለ ገባ። እንደ ተቀመጠ ግዝቱ ትዝ አለውና ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

«ይርገጡ! ይልቀቁ!» ይላል አብዱልጀባር ከሥር ሆኖ። ከፋለ ጉልበቱ እንኳ መሪውን እንዳይነካ ወደ ጎን ተጣሞ ይረግጣል፣ ይለቃል።

«ጋሼ፣ ክንድዎን አመመዎት?»

«አይ፣ ተገዝቼ ነው።»

አብዱልጀባር ያን ቀን ከመኪናዋ ሥር ለመውጣት ብዙ ቆየ፤ ሳቁ አላስነሣው አለ። ሲወጣ ራሱ ነድቶ ቁልቁለቱን ወረደና ረገጣት፤ ቀጥ አለች። ሰብሌም የግቢው በር ላይ ቆማ አይታለች።

«አየሽ?» አለ ከፋለ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ።

«እሱ ረግጧት ነው የቆመች። ያንተን እግር እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ገባች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ምን ታድርግ።

በንግሡ ዕለት ከፋለ ድንቡሼን አጥቦ፣ ወንበሯ ላይ ጋቢ አንጥፎ፣ የሰብሌን በር ከፍቶ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለምኖ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልለመነም። የተጠራው ባጃጅ ደረሰና ክላክስ አደረገ። ሰብሌ ነጭ በነጭ ለብሳ ወጣች። ባጃጁን አየች፤ የተከፈተውን በር አየች፤ ከፋለን አየች። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። ከፋለ «በቃ፣ ድንቡሼን እሸጣታለሁ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሲያቀና ሰብሌ ታኮዋን ታቅፋ ቆማለች።

«ባጃጁን ሸኘው» አለችው፤ ጋቢው ላይም ተቀመጠች።

የመሪው ንክኪ መዳፉን አሞቀው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን እግሩ የለመደውን አደረገ፤ በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። ድንቡሼ መሬት ላይ ተተከለች። ሁለቱም ወደ ፊት ተወርውረው ተመለሱ፤ ታኮዋ እግራቸው ሥር ወደቀች፤ የሰብሌ ነጠላ ፊቷን ሸፈነው። ከፋለ ላብ አጠመቀው። የመጨረሻዬ ነው ሲል ነጠላው መርገፍገፍ ጀመረ። እየሳቀች ነበር።

«ምነው በሞትኩት! ይሄን ያህል ትይዛለች እንዴ? ቀስ አድርገህ ንካት እንጂ፣ እንደ ድሮ አትደብድባት።»

ቀስ አድርጎ ነካት። ታዘዘችው። ከታጠፊያው በታች የጭዱ ክምር የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ሰብሌ «እዚህ ነው?» አለችው።

«እዚህ ነው።»

አቆመላት። ገደሉን ብዙ አየችው። ከዚያ ማርሹ ላይ ያለውን እጁን ያዘችና እስኪደርሱ አልለቀቀችውም፤ ማርሽም የቀየሩት አብረው ነው።

ገዳሙ አፋፍ ላይ አባ ገብረ ዮሐንስ ጥላቸውን ዘርግተው ሕዝብ ሲያሳልሙ አገኟቸው። ድንቡሼ ተዳፋቱ ላይ ፀጥ ብላ መቆሟን አይተው ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ ፍሬኗ ከታመነ ግዝቱን ልፍታልህ ልጄ?»

ከፋለ ወደ ኋላው ዞረ። ሰብሌ፣ መኪናዋ ንቅንቅ ሳትል፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ተንበርክካ ታኮዋን ከጎማው ሥር ትሸጉጣለች።

«አይ አባታችን» አለ። «እንዳለ ይሁንልኝ።»

«ያለ እሷ መንዳት አትሻም?»

«አልሻም።»

ሰብሌ ሰምታለች። ቀና ሳትል፣ «ና ወዲህ፣ አንሣኝ፤ ጉልበቴ ተያዘ» አለችው። ከፋለ ሄደና ብብቷን ይዞ አነሣት።