የሣህሌ ጆሮ

እማማ አልጣሽ የጨቅላዋን ልብስ በነጠላ ሲቋጥሩ ሣህሌ በሩን ተደግፎ ቆሟል። የልጅ ልጃቸውን ወደ ሮቤ ሊወስዷት ነው። የእናቷ ለቅሶ አብቅቶ ድንኳኑ የተነሣው ገና ትናንት ነው።

ሣህሌ አሰላ ላይ ወፍጮ ቤት አለው፤ ጆሮውን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሞተሩ እየጮኸ ከስንዴው ጋር አንዲት ጠጠር ብትገባ ይሰማና ዘሎ ያጠፋዋል። እማማ አልጣሽም ያመኑት ይህንኑ ጆሮ ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እሳቸው ግን ያን ቅዳሜ ቅቤ ሊገዙ ገበያ ሲወርዱ ሌላ ሰው አልፈለጉም። ልጃቸው፣ የሣህሌ ሚስት ወይንሸት የተኛችው ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። "በጆሮህ ጠብቃት" ብለውት ሄዱ።

የወፍጮው ድንጋይ በዚያው ጧት ነበር የተወቀረው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ አመል አለው፤ ካላዳመጡት ዱቄቱን ያቃጥላል። ሣህሌ ዐይኑን ጨፍኖ እሱን ያዳምጥ ነበር። ወይንሸት ደም ፈሷት ስትጣራ የሰማቻት ከመንገድ ማዶ ያለችው ጠላ ሻጭ ናት፤ ሮጣ መጣች፣ ግን አልደረሰችላትም።

ወይ ጉድ! ጠጠር የሚሰማ ጆሮ ሚስቱን አይሰማም? ሰዉ ሁሉ ይህን ሲል ሰነበተ፤ ሣህሌም ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ፈቃደ ብቻ ከሐኪሞች የሰማውን ነገረው።

"ልብ አንዱን ድምፅ አጥብቆ ሲይዝ፣ አንጎል እስከ ውስጠኛው ጆሮ ወርዶ ሌላውን ይቀንሰዋል። ጩኸቷ ገና ጆሮህ ውስጥ እንዳለ ነው የደከመው። በደል አይደለም።"

ሣህሌ አመስግኖ ሸኘው። አልቀለለውም እንጂ።

እማማ አልጣሽ ክፋት የለባቸውም፤ አንጀታቸው አሮ ነው። ሣህሌ ከነጋ ጀምሮ ሲለምናቸው ቆይቷል፤ ከእሷ ሌላ ምን ቀረኝ፣ ሞግዚት እቀጥራለሁ፣ ብሏል። በመጨረሻ ቋጠሮውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

"እሺ፣ ትቅርልህ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ወፍጮው ተነሥቶ ሳለ ብታለቅስ ትሰማታለህ?"

አዎ ቢል ያምኑት ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላም ያምኑት ነበር፤ እሱን የገደለውም ይኸው ነው።

"እኔ እንጃ፣ እማማ" አለ።

ልጅቷን ከአልጋው አንሥቶ አንገቷ ሥር ሳማት፤ ወተት ወተት ትሸታለች። እማማ አልጣሽ ጎንበስ አሉ። ሕፃኗን ጀርባቸው ላይ አስተካክሎ፣ አንቀልባውን ራሱ አሰረው።